ሦስተኛው ፈረቃ

ማኒላ ዳር ባለው፣ በግዙፉ ትምህርት ቤት፣
አንዲት ዴስክ አለች፣ ሦስት ባለቤት ያላት፤
ጧት የሊጋያ ነች፣ ከቀትር የኔ ናት፤
የማታውን ልጅ ግን አይቼው አላውቅም፣
ከዓሣ ሽታ በቀር ምልክት አይተውም።

ግድግዳው ላይ ዛሬም ቀለበቱ አለ፣
ፈረስ ያሰሩበት፣ ጦር ሰፍሮበት ሳለ፤
አሁን ዣንጥላችን እዚያ ተንጠለጠለ።
ማንግ ቴዮ ደወሉን በዱላ ሲመታ፣
አራት ሺህ ይገባል፣ አራት ሺህ ሲወጣ።

አንድ ቀን በእርሳስ «ይህ ሒሳብ ከበደኝ»
ብዬ ጽፌ ሄድኩኝ። በማግስቱ ጠበቀኝ
ስሌቱ ከነመልሱ፤
አንድ የዓሣ ቅርፊት፣ ረግፎ ከልብሱ።

ጎርፍ መጣ። ወር ሙሉ ተዘጋ።
ዴስኳ ነጥታ ቆየችኝ፣ የጭቃ ውኃ አጥቧት፤
«አለህ?» ብዬ ጻፍኩባት።

ሊጋያ፣ ነገ ጧት ቀድመሽ ብታዪው፣
መልሱን፣ አደራሽን፣ በክንድሽ አታጥፊው።