የማለስለሻው ገንዳ

ኮምቦልቻ፣ የሌሊት ፈረቃ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣
የማጠቢያው ክፍል እንፋሎት ጣሪያው ላይ ተኝቷል።
ሉባባ ጓንቷን በጥርሷ ገፍፋ፣
በርሜሉ ላይ ክንዷን አስደግፋ፣
«ስሙ ረጅም ነው» አለችኝ፤ «ኳተርነሪ አሞኒየም፤
እኛ ‹ኳት› ነው የምንለው፣ ስም አንጨርስም።
መሐሉ ናይትሮጅን ነው፣ አራት እጅ ያለው፣
አራቱንም ይዘውበት ማንም የማይለቀው።
እጁ ሞልቶ እንኳ አንድ ነገር ጎድሎታል፤
የጎደለውን ሊፈልግ ውሃ ለውሃ ይዞራል።
ጥጥ ደግሞ ሲረጥብ ትርፍ ይዞ ይገኛል።
ያን ሲያይ ይሮጣል፤ ራሱን ክሩ ላይ ሰክቶ፣
ረጅም የጮማ ጭራውን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣
ሺህ በሺህ ሆኖ ይተኛል።
ብርድ ልብሱን ስትለብስ ጉንጭህን የሚነካው
ጥጡ እንዳይመስልህ። ጭራው ነው።»

«እህቴ ዘምዘም ደሴ ሆስፒታል ወለል ትወለውላለች፤
በዚሁ በዘመዱ ተህዋስ ትፈጃለች።
ያው ጭራ የጀርሙን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፣
የሆዱን ሁሉ ደጅ ያፈሰዋል።»

«የሚያለሰልሰው?» አልኳት። «እሱ ራሱ» አለች፤
«ለስላሳ ሰው አይተህ አታውቅም?» ብላ ሳቀች።

ያን ሌሊት ቸኩዬ ነበር።
ሳሙናው ከጨርቁ ሳይለቅ፣ ሳላለቀልቀው፣
ኳቱን ገንዳው ውስጥ ገለበጥሁት።
ጓጎለ። እንደ ከረመ ወተት።
ነጭ ቅርፊት አወጣ፣ ክሩም ሻክሮ ቀረ፤
አለቃችን እንድሪስ መጣና ዝም ብሎ ቆጠረ፦
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብርድ ልብስ።
ቆጥሮ ሲያበቃ ወደ ደመወዜ ነበር የሚያየው።

ሉባባ አልተቆጣችም።
«ሳሙናም ደግ ነው፣ ይህም ደግ» አለች፤
«አንዱ ትርፍ ይዞ፣ አንዱ ጎድሎት ይመጣሉ፣
ገና ሲተያዩ ተጣብቀው ይቀራሉ።
ከዚያ ማን ያጥባል? ማንስ ያለሰልሳል?»
ትንሽ ዝም አለች። ማሽኑ ይንኳኳል።
«እኔና ይማም ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነበርን።
እሱም ደግ፣ እኔም።
መሐላችን ውሃ አላሳለፍንም።»

ሊነጋጋ ሲል የገንዳውን ቧንቧ
ከቦርከና መልሳ ወደ ማጣሪያው አዞረች፤
«ዓሣ የኛን ልስላሴ ምን ያደርግለታል?» አለች።

ቤቴ ስገባ ነግቷል። እጄ ሙልጭልጭ ይላል።
ካኮረፍን ሦስተኛ ቀናችን ነው፤
ሚስቴ ሳትናገር ሳሙናውን ዘረጋችልኝ።
«ቆይ» አልኳት፣ «ቆይ፣
መጀመሪያ ውሃ አፍሽልኝ።
ብዙ ውሃ።»