የሐጂ ተማም ጀሪካን

ሐምሌ ነው። ሄርማታ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ውጧል፣
ሐጂ ተማም መጥቶ፣ ሦስት ጀሪካን ጭኖ፣ ባጃጅ አስቁሟል።
«ደፍርሷል ዘይትህ፤ ውሃ ጨምረሃል» አለኝ ገና ሳይወርድ፣
ሠራተኛው ሰማ፣ ደንበኛው ሰማ፣ እስከ ማዶው መንገድ።
«ኑጉ ነው» አልኩት፤ «ዘንድሮ ዝናቡ እስከ ታኅሣሥ ዘልቆ
ሳይደርቅ ገብቶ ነው፣ ጆንያ ውስጥ ታንቆ።»
ሳቀብኝ።
«ሰበብህ ውሃ አያነሳም» አለ።
ውሃ የሚያነሳው ዘይቴ ብቻ ነው፤ እሱም ተከሰሰ።

የእኅቴ ልጅ ሙንተሃ አንድ ጠርሙስ ቀድታ ቤተ ሙከራ ወስዳ
በሦስተኛው ማታ ተመለሰች። መብራት ጠፍቶ ነበር።
ሁለት ብርጭቆ አቀረበች፤ ባንዱ የሱቅ ዘይት፣ ባንዱ የኔን፣
ቀዩን ሌዘር ለቀቀችባቸው።
በሱቁ ዘይት ብርሃኑ አለፈ፤ ማለፉም አልታየ።
በኔው ግን እንደ ቀይ ክር ተወጥሮ ቆየ።

«የሚመታው ነገር አለ፣ አጎቴ።
ኑጉ ራሱ የወለደው፣ ሌሲቲን የሚሉት፤
ራሱ ውሃ ወዳድ፣ ጭራው ዘይት ወዳድ፣ ሁለት ልብ ያለው ፍጥረት።
ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭራውን ይሸሽጋል፣
ዘይት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይገለበጣል፦
ጭራው ወደ ውጭ፣ ራሱ ወደ ውስጥ፣ እየተቃቀፈ፣
መሃል ላይ ቅንጣት ውሃ ይዞ፣ ከዓይን የረቀቀ።
የተገለበጠ ሚሴል ይሉታል።»

እኔ ያሰብኩት በደሌን ነው።
ከወለጋ ኑግ ጭነን ጎማ የፈነዳብን ሌሊት፣
አምስታችን እሳት ከበን፣ ፊታችን ለፍሙ፣
ጀርባችን ለጨለማው፣ ጆንያ ደርበንበት።
በመንገድ ያለፈ ሰው ያየው ጆንያ ነው፤
እሳት አላየም።
ዘይቱም ጭራ ብቻ አይቶ፣ ዘመዱ መስሎት ዝም ብሏል።

«ታዲያ መድኃኒቱስ?» አልኳት።
«ውሃ።»
«ምን?»
«ትኩስ ውሃ። ለመቶ ሊትር ሁለት ሊትር። አማስለህ አሳድረው።
ያ ሁለት ልብ ያለው ጠጥቶ ጠጥቶ ሲያብጥ
ዘይቱን ይለቃል፤ እንደ ንፍጥ ተያይዞ ከታች ይዘቅጣል።»

ዝም አልኩ። ያልነገርኳት ነበረ።
ልጃችን ሆስፒታል በተኛበት ዓመት፣
በየጀሪካኑ አንዳንድ ጣሳ ውሃ፣ በሌሊት፣ በሩን ዘግቼ
ጨምሬ ነበር።
ሲነጋ ውሃው ቡናማ ዝቃጭ ታቅፎ ከታች ጠበቀኝ፤
ከላይ ግን ዘይቱ ጠርቶ፣ ከምንጊዜውም በላይ ጠርቶ!
ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ፈራሁት።
ሸምሲያ አየች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤
ዘይቱን በጭልፋ እያነሳች ለየችው፣
የቀረውን አዌቱ ወስዳ ደፋችው።
ከሞተች ስድስት ዓመቷ። ዛሬም አልተናገረችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ተማምን አስጠራሁት።
መጣ፣ በርጩማ ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።
ያችኑ ጣሳ አነሳሁ፤ ጠርዟ ዝጓል፣
ውሃው ይተናል።
በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ገበያው ሙሉ ነው፣
እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።
«ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ።
«ውሃ ልጨምር» አልኩት።