የብረት ደረጃ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ ውርጩ እንደ ጨው ነጥቶ፣
ባጃጁ አልነሳም ብሎ በብርዱ ተኝቶ፣
ሦስት ደቂቃ ያህል ካረፈድን በሩ ላይ፣
የፈረቃ አለቃው፣ ወንድይፍራው ሲያይ፣
ስማችን ይሰፍራል። ምክንያት አይጠይቅም።
«እዚህ ጋ ፈርሚ፤» ዓይኑ ከወረቀቱ አይርቅም።

አገሩን የሚያሞቅ ብርድ ልብስ እየሠራን፣
ጣታችን ደንዝዞ ክሩን እየፈራን፣
ፊቱን አይተን አይደል ቀኑን የምናውቀው፤
የብረት ደረጃው ነው ወሬ የሚለቀው።
ሰኞ ከስብሰባ ዷ! ዷ! እያለ ከወረደ፣
በቃ፣ የሻይ ሰዓታችን በዚያው ቀን ታረደ።
ላይ ምን እንዳሉት ማን ለእኛ ያወሳል?
ጣሪያው ሲቀደድ ግን ወለሉ ይርሳል።

ታኅሣሥ ላይ የሦስት ቁጥር ሞተር ተቃጠለ፤
የሱፍ ጭስ ጠረኑ ሻሻችን ላይ ዋለ።
ተጠርቶ ሲወጣ ወንድይፍራው ብቻውን፣
አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ይቅመስ አልኩ ዕጣውን።

የሆነውን የሰማነው ከጽዳቷ ከአስካለ፣
ኮሪደር ስትጠርግ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ።
አዲሷ ሥራ አስኪያጅ፣ ጥሩወርቅ፣ አልጮኸችም፤
ወንበር ስባ ሰጠችው፤ ሰዓቷን አላየችም።
«ከአንተ በኩል ንገረኝ፤» አለችው። ነገራት።
በመስከረም የጻፈውን የዕቃ መጠየቂያ አስነበባት።
ሁሉን ጽፋ ያዘች። ቢሆንም አልማረችው፤
ዘይቱን ባለማየቱ የሦስት ቀን ቀጣችው፤
ግን ለምን እንደሆነ ዘርዝራ አስረዳችው፣
ይግባኝ የሚልበትን ቢሮ አሳየችው።

ሲወርድ አዳመጥን። ደረጃው ዝም አለ።
ወይ እኛ ደንቁረን፣ ወይ እግሩ ቀለለ።

በማግስቱ ደግሞ የእኔ ክር ተበጠሰ፤
አርባ ሜትር ጨርቅ እንዳለ ፈረሰ።
ለፊርማ ተዘጋጀሁ፣ ልማዴ ነውና።
እሱ ግን ባዶ ሣጥን እየጎተተ መጣና
ቁጭ አለ። ቁመቱ ከእኔ ቁመት እኩል።
«እስቲ ንገሪኝ፤» አለ። «ከአንቺ በኩል፣ ከአንቺ በኩል።»
ቃሉ አፉ ውስጥ ገና እንደ አዲስ ጫማ ነው፤
ቢያነክስም ነገርኩት፦ ጥርሱ የተበላው ማርሹ ነው።
አጎንብሶ አየው። ከእንዝላልነት ክስ ነጻ ወጣሁ፤
ዘግይቼ ስለጠራሁት ግን የአንድ ቀን ተቀጣሁ።

ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ውጭ ውርጩ ያው ነው። የሻይ ሰዓቱም ያው አሥር ደቂቃ።
ማታ ብርድ ልብስ ሳጥፍ፣ ፈረቃዬ ሲያበቃ፣
እስከ ዛሬ ያልመለስኩት አንድ ነገር ከነከነኝ፦
ለጥሩወርቅስ፣ ድሮ፣ ማን ይሆን ወንበር የሰጠልኝ?