አስታዋሽ

ኩታይሲ ከተማ፣ ሪዮኒ ወንዝ ዳር፣
ከመድረኩ በታች ጠባብ ጉድጓድ ነበር፤
ክዳኑ እንደ ቅርፊት፣ ወንበሩ ጎባጣ፣
አቧራ የሚዘንብበት ተዋናይ በመጣ።
እዚያ ነው የኖርሁት ሠላሳ አንድ ዓመት፣
አንድ እጄ ከገጹ፣ አንድ እጄ ከመብራት፤
ሥራዬ ሹክ ማለት፣ ቃል ለከዳው ሁሉ ቃሉን ማቀበል፣
ጭብጨባው ሲነሣ ከክዳኔ ሥር ጸጥ ብሎ መዋል።

ምዜቪናርን ያወቅኋት በተረከዟ ነው።
የቺያቱራ ልጅ፤ አባቷ በገመድ ሣጥን፣ ከገደል ገደል፣
ማዕድን ቆፋሪ ሲያመላልስ የሚውል።
የጫማዋ ስፌት ጥቁር ትቢያ ሲያፈስ
ዳይሬክተሩ አየና «መጥረጊያ ስጧት» አለ፣ ሣቀ እስኪያለቅስ።
የደረሳት ድርሻ
ሳሕን ይዞ መግባት፣ ሳሕን ይዞ መውጣት፤
አንዲት ቃል አልነበራት።
እኔ ግን ከታች ሆኜ አየሁት፤ በሩ ጋ ስትደርስ
ቀኝ እግሯ ቆም አለ፣ ሊመለስ ላይመለስ፤
አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ያዘላት።
ከድርሰቱ ፈለግሁ፤ እንዲህ ያለ መቆም አልተጻፈላት።

ከዚያ ወዲያ ማታዎቹን በጫማ ነው የምቆጥር።
ንግሥት ስትሆን እሷ አትራመድም፣ ወለሉ ነው የሚመጣላት፤
ባሏ የሞተባት ስትሆን፣ በግራ እግሯ ብቻ ዕድሜ ይጨመርባት፤
ሰካራም የሆነች ጊዜማ እርምጃዋ ቀጥ ያለ ነበር፣
እንዳይታወቅበት እንደሚጣጣር።

ኋላ ያ ክረምት መጣ፤ መብራት የለ፣ ዳቦ በሰልፍ፣ ጥይት በየማዕዘኑ፤
ሰዉ ለትኬት ሳንቲም ቢያጣ እንጨት ይዞ ገባ፣ አንዳንድ ፍልጥ በየጎኑ።
ምድጃ ከመካከል ተተከለና ጭሱ ጣራ ሞላ፤
በጭሱ ይሁን በትያትሩ ማን እንዳለቀሰ አልተለየም ኋላ።
አንድ ማታ የኩራዜ ጋዝ አለቀ። ገጹ ጠቆረ።
ድርሰቱ ጉልበቴ ላይ፣ እኔ ዳበስሁ እንደ ታወረ።
እሷም የቦቲዋን ክር የምታስር መስላ ጎንበስ አለች፦
«ቫርላም፣ አይዞህ። ዛሬ እኔ ላስታውስህ።»
እስከ መጋረጃው መውረድ አንዲት ፊደል አልሳተች።

በአርባ ሰባት ዓመቷ ከትብሊሲ መጡና ፊልም አሠሯት።
ሲኒማ ቤት ገባሁ፣ ትኬት ቆርጬ፣ እንደ ሰው።
ፊቷ ግድግዳ አክሎ ሲመጣ ክው አልሁ፤
ከግራ ቅንድቧ በላይ
የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለቻት ለካ!
ሃያ ስምንት ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ
የእግሯን ጣት በስም የምጠራ ሰውዬ፣ ፊቷን አላውቅም።

ሽልማቱን ባሕር ማዶ ተቀበለች፤ በቴሌቪዥን አየን፣
ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን፣ እኔ ጫማዋን።
የነሐሱን ወፍ ታቅፋ፣ መጋረጃው ጋ ስትደርስ
ቀኝ እግሯ ቆም አለ፣ ሊመለስ ላይመለስ።
ያቺ ሳሕን!
አሁን ያ ወፍ ወጥ ቤቷ ውስጥ የለውዝ ቅርፊት ይሰብራል፤
ምንቃሩ ጎብጧል።

ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አለቃ መጣ፣ የጆሮ ሽቦ አመጣ፤
ጉድጓዴን በሣንቃ አስመታው። አስታዋሹ አስታዋሽ አጣ።

ባለፈው ጥቅምት ሄድሁ፣ ሰባ ሊሞላት ሲል፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበርሁ።
በሦስተኛው ክፍል መሀል ቃሉ ጠፋት። ከጉልበቷ ነው ያወቅሁ።
ሽቦውን ነቅላው ነበር፣ «ያሳክከኛል» ብላ።
እስከ ሣንቃዬ ተራመደች፤ በተረከዟ ሁለቴ መታችው፣ ቀስ ብላ።
ሰዉ የድርሰቱ ነው ብሎ ትንፋሹን ያዘ።
ቃሉ ሦስት ፊደል ነው፤ ከጥርሴ ሥር መጥቶ ተያዘ።
እሷም ጠበቀች። ያ ጸጥታ ሲያምርባት አየሁ፤
ከንፈሬን ገጠምሁ።
መብራቱ ሲጠፋ፣ ሌላው ሲያጨበጭብ፣
ያቺን ቃል በአፌ ይዤ ነው ቤቴ የገባሁ።