ፋቂውስ?

ደብረ ብርሃን ጧት ነው፤ ሣሩ ውርጭ ለብሶ አድሮ፣
አንዱ መስታወት የለም፣ አምናም እንደ ዘንድሮ።
ጠመኔው በጣቴ እንደ አጥንት ቀዝቅዞ፣
ደብተሬ የሩቅ አገር የሞቱ ሰዎችን ይዞ፣
ስለ ጥንት እንግሊዝ ልናገር ስል ገና፣
የክፍሉ ሰው ሁሉ በሳል ቀደመና
ጠበቅሁ።

«በዚያን ጊዜ» አልኩኝ «ሰው ሦስት ዕጣ አለው፤
የሚጸልይ አለ፤ የሚዋጋ አለ፤ የሚያርሰውም ያው ነው።»
ሦስት ጣት አነሣሁ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፦
«ቀዳሽ፣ ተኳሽ፣ አራሽ! ይኼማ የታወቀ!»
ክፍሉም ትንሽ ሞቀ።

ቀጠልኩ፤ ስለ በጉ፣ ስለ ሱፉ ንግድ፣
ስለ ጭሰኛው ልጅ፣ ጌታው ሳይፈቅድ
ስለማትዳረው፤
ኋላም ስለ ዓመፁ፣ ገበሬው መዝገቡን እንዴት እንዳቃጠለ፣
ዕዳው ያለበትን ብራና ሲያነደው «ነጻ ወጣሁ» እንዳለ።

የመጽሐፍ ሥዕል አሳየሁ፤ ገጹ ቀዳዳ አለበት፣
ጸሐፊው አልጣለው፤ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ ዙሪያውን ጻፈበት።
በኅዳጉ ላይ ደግሞ፦ «ብርድ ነው፤ ጣቴ ደነዘዘ።»
መስኮት ሥር ያለው ልጅ ጋቢውን አጥብቆ ያዘ።
«ቀዳዳው መዥገር ነው፣ በጉ ሳለ በሕይወት፤
ወይም ሲፋቅ» አልኩኝ «ቢላው ይሆናል ስቶት።»

ትርንጎ ሸዋንግዛው፣ ከመሐል ሜዳ ማዶ የመጣች፣
ዓመት ሙሉ ዝም ያለች፣ እጇን አወጣች።
«ፋቂውስ?» አለች።
«መምህር፣ ፋቂውስ በየትኛው ጣት አለ?»

ማንም ሳል አልሳለ።
እኛ አገር ያ ቃል ሙያ አይደለም፤ ስድብ ነው፣
ልጅን ከጨዋታ፣ ሴትን ከትዳር የሚያስቀር ነው።

«አያቴ ፋቂ ነበር። ሞላሌ ገበያ
ራቅ ብሎ ነው ቦታው፣ ከጨው ተራ ወዲያ።
ጠላ ቢሰጡት እንኳ በሰባራ ቅል ነው፣
ቅሉም የራሱ ነው።
ደብተራው ግን ሲመሽ፣ ሰው ሳያይ፣ በጓሮ፣
የተፋቀ የፍየል ቆዳ ይወስዳል ቋጥሮ።
ያ ቆዳ ዞሮ ዞሮ ወንጌል ሆኖ ሲወጣ
ሕዝቡ ይሳለማል፣ ግንባሩን ሊያስነካ፤
አያቴ ከቅጥሩ ውጭ ነው።

አንድ ቀን ዲያቆኑን፣ ልጅ ነው፣ አዝኖለት ቢቆም፣
ጠየቀው በቀስታ፣ ማንም እንዳይሰማም፦
‹በግራው ገጽ፣ ከታች፣ ምስር የምታክል
ቀዳዳ አለች ወይ?› አለው። ‹አዎ፣ በጠርዙ በኩል።›
‹እሾህ የወጋት ናት። ጭራዋ ጥቁር ነበር›
አለና ሄደ፤ ለሳምንት ሰው ሲያገኝ ያንኑ ሲናገር።»

ተቀመጠች። ደወል ጮኸ። የተነሣ አልነበረም።
መልስ ፈለግሁ ከደብተሬ፤ የጻፍኩት ቦታ የለም።
ጣቶቼን አየሁ፤ ሦስቱ ገና እንደቆሙ ቀርተዋል፣
ሁለቱ፣ ከሥር ታጥፈው፣ ጠመኔውን ይዘዋል።