የነካሪው ቃል

ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጨርቃጨርቁ ቤት፣
ኮምቦልቻ ሜዳ፣ ከእንፋሎቱ እሳት፤
ቀይ ከነጭ ተማስሎ ጽጌረዳ ሲወጣ፣
እጄ እስከ ክርኔ ቀለም እየጠጣ፣
አንድ ነገር አመንኩ፤ ከሁለት የመጣ
መካከል ይሆናል።
ልጅም እንዲሁ ነው ብዬ።

የኔ ጥቁረት ገብቶ፣ የራቢያ ቀይ ዳማ፣
ካንድ በርሜል ታሽቶ፣ ከርሞ ተስማማ፤
ሲትራ ስትወለድ ሰመረ ስሌቴ፣
ከእናቷ ጠቆር ብላ፣ ቀላ ብላ ከፊቴ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ኑሪያ መጣች፤
ጠጉሯ የበቆሎ ጺም፣ ቅንድቧ ነጭ ጤፍ፣
ዓይኗ ብርሃን ሲነካው የሚንሳፈፍ፤
ጥሬ ክር መሰለችኝ፣ በርሜል ያልነካው፣
ነካሪ ዘንግቶት ጥግ ላይ ያስቀረው።

ጎረቤት «ማሻአላህ» አለ፣ ዓይኑን ሰበር አርጎ፤
ሺፈራው በሻይ ሰዓት፣ ሳቁን ሸሽጎ፦
«የሰው ጨርቅ ስትነክር የቤትህ ነጣብህ!»
አብሬው ሳቅሁ።
ሳቄ እስከ ቤቴ ተከተለኝ።
ለራቢያ ምንም አላልኳት።
አለማለቴን ግን ሰማች፤
ስድስት ዓመት ሙሉ እየሰማች ሸሚዜን ተኮሰች።

ሲትራ አሥረኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሐሙስ ማታ
በቆርቆሮው በር ላይ፣ በጠመኔ ስባሪ፣
አራት ክፍል ቤት ሠራች፣ ኪራይ የሌለበት።
በላይ የኔን ሁለት ክር፣ በጎን የእናቷን አሰለፈች።

«አባ፣ ዘር ቀለም አይደል፤ አይሟሟም፣ አይቀልጥ፤
ክር ነው፤ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚቀመጥ።
አንዱ ከእናት መጥቶ፣ አንዱ ከአባት ወርዶ፣
ድብቁ ይተኛል በጎላው ተጋርዶ።
ስትወልድ ከሁለት አንዱን ታቀብላለህ፣
የትኛው እንደሆን መች ታውቀዋለህ!»

ሦስቱን ክፍል በከሰል አጠቆረች፤
አራተኛውን እንዳለ፣ ቆርቆሮ ተወች።
«ሁለት ድብቅ ክሮች እዚህ ቤት ገጠሙ፤
የሚጋርድ ሲጠፋ ደጅ ወጥተው ቆሙ።»

«ኑሪያ እኮ ሁለተኛ ልጅ ናት፣ አራተኛ አይደለች» አልኳት፤
መረታት አልወድም።
«ዕጣ ተራ አይጠብቅም፤ በየልጁ እንደ አዲስ ይጣላል።»
«አንቺስ?»
የጠመኔውን ብናኝ ከጣቷ ነፋች።
«እኔም ይዤው ይሆናል። ከሦስት ሁለት እጁ።»

ያኔ ትዝ አለችኝ፣ የአባቴ አክስት ሉባባ፣
ሐርቡ ላይ፣ የምትወጣ ፀሐይ ስትገባ፤
ጂኒ የለወጣት ነው ብለው፣
ስሟን ከዱዓ ላይ እንኳ ይዘሉት ነበር።

«እኛም ዘንድ ነበረ» አለች ራቢያ፣ ከሸሚዙ ሳትቀና፣
«የአያቴ ወንድም፣ ኩታበር፤ ቀን ቆዳው ይቃጠልና
በጨረቃ ነበር ባቄላ የሚያርመው።
ወልደሰማዕት ይባል ነበር።»
ስድስት ዓመት የት አስቀምጣው እንደቆየች አልጠየቅኋትም።
መልሱን አውቀዋለሁ።

ባለማተቡ እሱ፣ ባለሙስበሃዋ እሷ፤
አንድ ገበያ ሳይውሉ፣ አንድ ለቅሶ ሳይደርሱ፣
ክራቸው በእኔና በእሷ ስር ተኝቶ፣ ተኝቶ፤
በሕይወት ሳይተያዩ
በኑሪያ ዓይን ተያዩ።

ጠመኔውን ዝናብ አጥቦታል።
ራቢያን ይቅርታ አላልኳትም እስካሁን፤
ቃሉ አፌ ውስጥ ይዞራል፣ በርሜል ውስጥ እንዳለ ክር።
ዛሬ ከፋብሪካው ቁራጭ ጨርቅ አመጣሁ፣ ድፍን ሰማያዊ፤
ኑሪያ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፣
ባርኔጣ ይሰፋላት፣ ክፈፉ ትከሻዋን የሚያጠላ።

ጨርቁን የነከርኩት እኔ ነኝ።
ከኔ የደረሳት ቀለም
ይኸው ነው።