የቅሬው መዝገብ

ብዕሬ የቅሬ ናት፤ ግጥም አታውቅም፤
ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ እንጂ ሌላ አትጠይቅም።
ገጽ አርባ አንድ ላይ ግን አንድ መስመር አለ፣
ሰባት ቀን ባዶ ያደረ፣ ዳኛችን «ተው» እያለ።

ዳኛችን አራጋው፣ ደረቱ እንደ በር፣
ከቦርከና ማዶ ድረስ ቃሉ የሚከበር።
በዘር ወቅት ሰው ሰብስቦ ድንጋይ አሸከመ፣
ለመቃብሩ ካብ፤ በሬያችን ቆመ።
ባሏን የቀበረች ሴት ድንኳን አዘግይታ ብትመልስ፣
አምስት ብር ቀጣት፣ እንባዋን ሳታብስ።
ሰዉ ቀን አይናገር፤ ማታ በየቤቱ፣
«አቻውን ላክለት» ነበር ጸሎቱ።

አቻው መጣ። ከባቲ ቁልቁል፣ ከግመል መንገድ፤
እንድሪስ ሙሄ፤ ኮምቦልቻ ላይ አንድም የሌለው ዘመድ።
ከድንኳኑ በር ቆሞ፦ «ማነው» አለ፣ «ያ ጎበዝ፣
ከመበለት መዳፍ ላይ አምስት ብር የሚይዝ?»
ተያያዙ። ምሰሶው ተሰበረ፣ ሸራው ወደቀ፣
ጭቃው ሁለቱን ለውሶ መልካቸው ተደባለቀ።
ሲመሽ አንዱ ሳቀ፤ የትኛው እንደሆነ አላየሁም፤
የምሰሶውን ዋጋ እየጻፍኩ ነበር፣ ቀና አላልኩም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ጀሪካን፣ አንድ ጥላ፤
አንዱ ሲቆጣ ሌላው «አብሽር» ሲል፣ ቅጣቱ ላላ።
ድንጋዩም ከመኸር በኋላ ሆነ፤ ራሳቸው ቀድመው
ይሸከሙ ነበር፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው።

አንድ ዓመት ላይ፦ «አዳራሽ እንሥራ፣ ስም የሚያስቀር!»
መጥረቢያ ይዘው ይጎፍ ወጡ፣ ሽማግሌ ሲመክር፦
«ያን ጽድ ተዉት፣ አባቶች ከጥላው የታረቁበትን።»
ቆረጡት። እኔም ጻፍኩ፦ ወጋግራ፣ አንድ፤ ለካሁ ርዝመቱን።

ጥፋቱ ከዚያ ይሁን አይሁን፣ መዝገቡ አይናገርም፤
ኅዳር ላይ እንድሪስ ተኛ፤ ቦሩ ሜዳም አላተረፈውም።
ዘጠኝ ቀን አራጋው ከአልጋው ግርጌ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፤
በአሥረኛው ጠዋት ጨበጠው፤ እጁ መልሶ አይጨብጥ፣ አይለቅ።

ጉድጓዱ ተማሰ። ሸሁ «ለሟች መፋጠን ነው ክብሩ» አሉ፤
አራጋው በሩን በጀርባው ደግፎ፦ «ወደኋላ በሉ!»
በእኔም ላይ ጮኸ፦ «ስሙን ብትጽፍ እጅህን እሰብራለሁ!»
ለቀብር ያረፈደን ቀጪ፣ ቀብር ሲያዘገይ አየሁ።

ፀሐይ ዘቀዘቀች። ቆፋሪዎች አካፋቸው ላይ ተቀመጡ።
ከጎረቤት ጣሪያ ሳይቀር ሰዎች ለማየት ወጡ።
ከእግሮቹ መሃል ሾልካ የእንድሪስ ትንሽ ልጅ፣ ዘሃራ፣
ገብታ ወጣች፦ «አባባ በርዶታል» አለች፣ ሳትፈራ።
«አልብሱት።»
ያኔ ከበሩ ተነሣ። ከፈኑን ራሱ ተቀብሎ
ለሸሁ ሰጠ፤ ቃሬዛውን ከፊት ያዘ፣ እንደ ድንጋዩ፣ ዝቅ ብሎ።

«ስሙን ግን ተው» ብሎኝ ሄደ፣ በእግሩ፣ እስከ ሐይቅ ዳር፤
ሞትን የሚመልስ ሥር አለ ቢሉት፣ ያን ሊቆፍር።
መረብ የሚጠግን ሽማግሌ ሳቀበት፣ ዓሣ ሰጠው፤
«ሥሩን ትተህ ይህን ብላ» አለው። ደሴ ሳይደርስ ሸተተው።

መምህር ይትባረክ (በሰፈራችን ታሪክ የሚያስተምሩ)
«በሁለት ወንዝ መሃል፣ ጥንት፣ በእርጥብ ጭቃ ጽፈው ነበሩ
ይህንኑ፦ አለቃ፣ ወዳጁ፣ ሞት» አሉኝ። አልኩ፦ «ጭቃ ደግ ነው፤
የኔን ወረቀት አይጥ ይበላዋል።» ዝም አሉ። እውነት ነው።

በሰባተኛው ቀን አራጋው መጣ። ጫማው የለም፤ አልጠየቅሁም።
ካቡን፣ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም መቃብር ያቀፈውን፣ እየዳሰሰ ዞረ፤
የእንድሪስን ድንጋይ ከራሱ ድንጋይ አልለየም።
«ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ፦ እንድሪስ ሙሄ። «ከሥሩ ጨምርበት፦
አራጋው ሽበሺ፣ ቀብር በማዘግየት፣ አምስት ብር ቅጣት።»
ቆጥሮ ከፈለ። ደረሰኝ ቆረጥኩለት።
አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።
«የነገው ድንኳን ተረኛ ማነው?» አለ። ገጹን ገለጥኩ።
እንድሪስ ነበር።
«እኔ ነኝ» አልኩ።